አንድ ጊዜ ብቻ የታዩት

አባቶቻችን በሌሊት ወደ መብራት በርራ መጥታ ክንፏን የምታስበላውን ትንሽ ፍጥረት «የእሳት እራት» ብለው ሲሰይሟት ዕጣዋን በስሟ ውስጥ ጽፈውላታል። ከለንደን በስተ ሰሜን በምትገኘው በሃርፐንደን ከተማ፣ ሮታምስቴድ በተባለው አንጋፋ የእርሻ ምርምር ጣቢያ፣ ካሪንግተን ቦንሶር ዊልያምስ የተባለ የሦስት አጽቄዎች ሊቅ በ1933 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በእርሻው ዳር አንድ መብራት ባቆመ ጊዜ፣ ያቺ ፍጥረት ያገኛት ያው የጥንቱ ዕጣዋ ነበር፤ አዲሱ ነገር የመጣው በማግሥቱ ጧት ነው። በብርሃኑ ተስበው ከመብራቱ ሥር ወደ ተዘጋጀው ዕቃ የገቡት ሁሉ ጧት ጧት እየወጡ፣ በየወገናቸው እየተለዩ፣ ብዙ ነው ተብሎ ሳይሰለች ጥቂት ነው ተብሎ ሳይናቅ እየተቈጠሩ በመዝገብ ይጻፉ ነበርና። በዚህ ሁኔታ እስከ 1936 ዓ.ም. ድረስ አራት ዓመት ከተሠራ በኋላ ድምሩ ቢታይ፣ በዓይን ለመለየት ከሚመቹት ከታላላቆቹ የእሳት እራቶች ብቻ 15,609 ተይዘው በ240 ዝርያ ተመድበው ተገኙ።

ከእነዚህ 240 ዝርያዎች ውስጥ አንዳንዱ በብዙ መቶ እየሆነ በየበጋው መዝገቡን ሲያጣብብ፣ 35ቱ ግን በአራቱ ዓመት ውስጥ ወደ መብራቱ የላኩት አንድ አንድ መልእክተኛ ብቻ ነው። አንዲት ሌሊት መጥታ፣ ተይዛ፣ ተጽፋ፣ ከዚያ ወዲያ ከወገንዋ ሌላ ያልታየባት አንዲት የእሳት እራት ለቈጣሪው ምን ትነግረዋለች? ነፋስ ያመጣት እንግዳ ናት ብሎ ይሰርዛትን? ወይስ ከሜዳው ማኅበር አንዷ ናት ብሎ ከብዙዎቹ ጐን ያኑራት? በሕያዋን ማኅበር ውስጥ የዝርያዎችን ብርቅነት የመለካት ጥበብ ታሪክ፣ እኔ እንደማየው፣ ለእነዚህ ብቸኞች ምን ክብር እንደ ተሰጣቸው የሚተርክ ታሪክ ነው።

ነገሩ ለምን ከባድ እንደ ሆነ ለመረዳት የሰውን ቈጠራ ከተፈጥሮ ቈጠራ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ኦሪት ዘኍልቍ የእስራኤልን ነገዶች ሲቈጥር ከሁሉ የበዛው ይሁዳ 74,600፣ ከሁሉ ያነሰው ምናሴ 32,200 ሆኖ ተጽፏል፤ እንግዲህ ትንሹ ነገድ የትልቁን እኩሌታ ለመሙላት ጥቂት ቢጐድለው ነው። በሜዳና በጫካ የሚኖሩት ነገዶች ግን እንዲህ አልተደለደሉም። በአንድ ስፍራ የሚኖሩትን አዕዋፍ ወይም ዕፀዋት ወይም ሦስት አጽቄዎች አንድ በአንድ የቈጠረ ሰው ሁሉ የሚያገኘው፣ ጥቂት ዝርያዎች አብዛኛውን ቍጥር ጠቅልለው ይዘው፣ የቀሩት ብዙዎቹ ዝርያዎች የተረፈችውን ጥቂት ቍጥር ተከፋፍለው ነው። ስለዚህ የብዛትን ነገር ብቻ የሚያይ ሰው ጥቂት ዝርያዎችን ያውቃል፤ የማኅበሩን አባላት አብዛኛዎቹን ግን አያውቃቸውም።

ብርቅነት በቍጥር ከመለካቱ በፊት ለረጅም ዘመን ሲለካ የኖረው በገንዘብ ነው። በ19ኛው ምዕት ዓመት በእንግሊዝ አገር ቢራቢሮ፣ ጢንዚዛ፣ የወፍ እንቍላልና ዛጎል መሰብሰብ የጨዋ ልጆች ሥራ በነበረበት ጊዜ፣ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ፍጥረት በለንደን በሐራጅ ይሸጥ ነበር፤ በሩቁ አገር ጫካ የሚንከራተተውም ሰብሳቢ የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው ከዚሁ ሽያጭ ነበር። አልፍሬድ ራስል ዋላስ ከ1854 እስከ 1862 ዓ.ም. በማላይ ደሴቶች ሲዞር የሰበሰበው 125,660 ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 83,200ው ጢንዚዛ ነበር፤ ለራሱ ጥናት ካስቀረው የተረፈውን ሳሙኤል ስቲቨንስ የተባለው ወኪሉ በለንደን እየሸጠ ወጪውን ይሸፍንለት ነበር። ዋላስ ታላቅ ሊቅ ነውና የሰበሰበው ለጥበብ ውሏል፤ ነገር ግን ብርቅ የሆነ ሁሉ ዋጋው እየወጣ በሄደበት ገበያ ውስጥ ብርቅነት ራሱ የሞት ምክንያት ይሆን ነበር። ታላቁ ኦክ የተባለው መብረር የማይችል የባሕር ወፍ ቍጥሩ እየመነመነ በሄደ መጠን ቆዳውና እንቍላሉ የበለጠ ይፈለግ ስለ ነበር፣ በ1844 ዓ.ም. በአይስላንድ አጠገብ በኤልዴይ ደሴት ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ወፎች ለሰብሳቢ ሲባል ተገደሉ። ይህን ሳስብ ልቤ ያዝናል፤ ብርቅነትን ሳያውቁ መግደል አንድ ነገር ነው፤ ብርቅ መሆኑን አውቆ ስለ ብርቅነቱ መግደል ግን ሌላ ነው።

የሰብሳቢዎች ልማድ ሌላም ጕዳት ነበረበት። ሰብሳቢ የጠገበውን አይይዝም፤ ተራውን ቢራቢሮ መሳቢያው እስኪሞላ ድረስ ከያዘ በኋላ በፊቱ ሲያልፍ ዝም ይለዋል፤ ብርቁን ግን ገደል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ ያሳድደዋል። ከዚህ የተነሣ በየቤተ መዘክሩ መሳቢያ በመርፌ ተወግቶ የተደረደረው ሀብት የትኛው ዝርያ እንዳለ በትክክል ይናገራል፤ የትኛው እንደሚበዛና የትኛው እንደሚያንስ ሲጠየቅ ግን ምስክርነቱ የተዛባ ነው። የዕፀዋት ተመራማሪዎችም በዚያው ዘመን «የበዛ»፣ «አዘውትሮ የሚገኝ»፣ «አልፎ አልፎ የሚታይ»፣ «ብርቅ» እያሉ በቃል ይመድቡ ነበር፤ እነዚህ ቃላት ከጸሓፊው ዓይንና ከጸሓፊው ድካም ጋር የሚለዋወጡ ስለ ሆኑ፣ የአንዱን ሰው «ብርቅ» ከሌላው ሰው «ብርቅ» ጋር ማመዛዘን አይቻልም ነበር። ሂዩወት ኮትሬል ዋትሰን ብሪታንያን በ1852 ዓ.ም. በ112 አውራጃዎች ከፍሎ አንድ ተክል በስንቱ እንደሚገኝ በመቍጠር፣ ዴንማርካዊው ክሪስተን ራውንኬር ደግሞ በ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ የሜትር ካሬ ዐሥረኛ እጅ የምትሆን ክብ በሜዳ ላይ እያኖረ በስንቷ ክብ ውስጥ እያንዳንዱ ተክል እንደ ተገኘ በመጻፍ፣ ቃሉን ወደ አኀዝ ለመመለስ ጣሩ። ጥረታቸው የሚመሰገን ነው። ሆኖም የተቈጠረው የታየው ብቻ ነበር፤ ስላልታየው የሚጠይቅ ገና አልተነሣም ነበር።

ጥያቄውን ካነሡት ሰዎች አንዱ አሌክሳንደር ስቲቨን ኮርቤት ነው። ኮርቤት በሙያው ኬሚስት ነበረ፤ ወደ ማላያ የወሰደውም የጎማ ዛፍ ጉዳይ እንጂ የቢራቢሮ ጉዳይ አልነበረም፤ በኳላ ሉምፑር በሚገኘው የጎማ ምርምር ተቋም ውስጥ ስለ አፈር እየመረመረ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ግን መረብ ይዞ ዋላስ ከመቶ ዓመት በማይበልጥ ጊዜ በፊት ወደ ተመላለሰበት ወደዚያ ዓለም ይገባ ነበር። ከባልደረባው ከፔንድልበሪ ጋር ሆኖ በ1934 ዓ.ም. ስለ ማላይ ልሳነ ምድር ቢራቢሮዎች መጽሐፍ አሳተመ፤ በኋላም ወደ እንግሊዝ ተመልሶ በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር የሦስት አጽቄ ክፍል ባለሙያ ሆነ። በዚያም ሳለ ነው የማላያ ቢራቢሮዎቹን በስም ከመደርደር አልፎ በቍጥር ደርድሮ የተመለከታቸው።

ሠንጠረዡ ይህን ይመስላል። ጠቅላላ ዝርያዎቹ 620 ናቸው። ከነዚህም አንድ ብቻ የተያዘላቸው 118፣ ሁለት የተያዘላቸው 74፣ ሦስት የተያዘላቸው 44፣ አራት የተያዘላቸው 24፣ አምስት የተያዘላቸው 29፣ ስድስት የተያዘላቸው 22፣ ሰባት የተያዘላቸው 20 እያለ እስከ 24 ይወርዳል፤ ከ24 በላይ የተያዘላቸው 119 ዝርያዎች ናቸው። ይህን ተርታ ቀስ ብሎ ለተመለከተው ሰው አንድ አስደናቂ ነገር ይታየዋል፤ ከአንድ እስከ 24 ካሉት ረድፎች ሁሉ የሚበዛው የብቸኞቹ ረድፍ ነው፤ ከዚያም ቍጥሩ የሚወርደው እንደ ገደል ተገምሶ ሳይሆን እንደ ደረጃ በሥርዓት ነው። ሥርዓት ያለው ነገር ደግሞ ምክንያት አለው። ብቸኞቹ የአጋጣሚ ልጆች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ከጐረቤቶቻቸው ከሁለቴዎቹና ከሦስቴዎቹ ጋር እንዲህ በስምምነት ባልተሰለፉ ነበር።

ኮርቤት ይህን ይዞ ያማከረው ሮናልድ ኤይልመር ፊሸርን ነው። ፊሸር ከ1919 እስከ 1933 ዓ.ም. በሮታምስቴድ ሠርቶ የዘመኑን የስታቲስቲክስ ጥበብ መሠረት ያኖረ፣ ከዚያም ወደ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሄደ ሰው ነው፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ግን ክፍሉ ከለንደን ወጥቶ ወደ ቀድሞ ቤቱ ወደ ሮታምስቴድ ተዛወረ። እንግዲህ ከማላያ የመጣው የቢራቢሮ ሠንጠረዥና ከሮታምስቴድ ሜዳ የወጣው የእሳት እራት መዝገብ በዚያው በጦርነት ዘመን በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ሁለቱ ስብስቦች በባሕርያቸው ይለያያሉ፤ አንደኛውን የሰበሰበው ዓይን ያለው፣ የሚመርጥና የሚደክም ሰው ነው፤ ሁለተኛውን የሰበሰበው ምርጫ የሌለው መብራት ነው። (መብራትም ቢሆን ፍጹም ፈራጅ አይደለም፤ ወደ ብርሃን የማይመጡ የሌሊት ፍጥረታት አሉና የእነርሱን ነገር አይናገርም፤ ነገር ግን ከሚመጡት መካከል ለብርቁ አያዳላም፣ ተራውንም አይጠግብም።) እንዲህ ከተለያዩ ምንጮች የመጡት ቍጥሮች አንድ ዓይነት መልክ ማሳየታቸው የፊሸርን ልብ ሳይስበው አልቀረም።

ፊሸር ያገኘው ተርታ በሒሳብ ሊቃውንት ዘንድ የሎጋሪዝም ተርታ ይባላል፤ ነገሩን ግን እኩሌታንና ሲሶን የሚያውቅ ገበሬ ሊረዳው ይችላል። አንድ ጊዜ የታዩት ዝርያዎች 40 ቢሆኑ፣ ሁለት ጊዜ የታዩት የዚያ እኩሌታ 20፣ ሦስት ጊዜ የታዩት ሲሶው 13 ያህል፣ አራት ጊዜ የታዩት ሩቡ 10፣ እንዲሁ እያለ ይወርዳል። ስለዚህ መላውን ሰልፍ የሚገዛው በራሱ ላይ የቆመው አንድ ቍጥር ነው፤ ፊሸርም ይህን ቍጥር በግሪኩ ፊደል «አልፋ» ብሎ ጠራው። ለሮታምስቴድ መብራት የአራት ዓመት መዝገብ አልፋ 40.24 ሆኖ ተገኘ፤ በዚህም መሠረት አንድ ጊዜ ብቻ መታየት የሚገባቸው ዝርያዎች 40 ያህል ሲሆኑ፣ በእውነት የታዩት ከላይ እንዳልነው 35 ናቸው። ዊልያምስም ይህን ቀመር በያዘ ጊዜ ስለ ሜዳው ከዚህ በፊት ሊናገር የማይችለውን መናገር ቻለ፤ መዝገቡ በእጥፍ ቢረዝም፣ ይኸውም ሌላ 15,609 የእሳት እራት ቢያዝ፣ አዲስ የሚመጡት ዝርያዎች 28 ያህል እንደሚሆኑ ከአልፋ አውጥቶ ማስላት ይቻላልና። የሦስቱ ሰዎች ጽሑፍ በ1943 ዓ.ም. «ጆርናል ኦቭ አኒማል ኢኮሎጂ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ፤ 17 ገጽ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ብርቅነት ከተጻፈው ብዙው ሁሉ ወደነዚያ 17 ገጾች ተመልሶ ይነበባል።

በዚሁ ጦርነት ወቅት፣ ከሮታምስቴድ ብዙም በማይርቀው በብሌችሊ ፓርክ፣ የጀርመኖችን ምስጢራዊ መልእክት ለመፍታት የተሰበሰቡ ሊቃውንት ሳያስቡት የቢራቢሮውን ጥያቄ ይጠይቁ ነበር። አንድ የምስጢር ምልክት እስካሁን አልታየም ማለት ለወደፊቱም አይመጣም ማለት ነውን? አለን ቱሪንግ የሰጠው መልስ እጅግ ቀላል ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ከዚህ በፊት ያልታየ የመሆኑ ዕድል፣ አንድ ጊዜ ብቻ የታዩት በጠቅላላው ሲካፈሉ የሚገኘው ነው። ረዳቱ የነበረው ጉድ የተባለ ሊቅ ይህን ሐሳብ አስፋፍቶ፣ የቱሪንግንም ስም ጠርቶ፣ በ1953 ዓ.ም. አሳተመው፤ ጽሑፉንም የጻፈው በዝርያዎች ቋንቋ ነበር። በዊልያምስ መዝገብ ላይ ብንሞክረው 35 ለ15,609 ሲካፈል ከሺህ ሁለት ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ ቀጥለው ወደ መብራቱ ከሚመጡት ሺህ የእሳት እራቶች 998ቱ የታወቁ ወገኖች ሲሆኑ አዲስ ወገን ይዘው የሚመጡት ሁለቱ ናቸው። ጉድና ቱልሚን በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ከዚህ የሚደንቅ ነገር አሳዩ፤ የኮርቤትን ሠንጠረዥ ይዘህ 118 ትላለህ፣ 74 ትቀንሳለህ፣ 44 ትደምራለህ፣ 24 ትቀንሳለህ፣ 29 ትደምራለህ፤ እንዲህ እየደመርህና እየቀነስህ እስከ 24ኛው ረድፍ ስትደርስ የሚቀርህ 75 ነው፤ ኮርቤት የደከመውን ያህል እንደ ገና ቢደክም ኖሮ በመረቡ የሚገቡት አዲስ ዝርያዎች ይህን ያህል በሆኑ ነበር ማለት ነው። ታይዋናዊቷ የስታቲስቲክስ ሊቅ አን ቻው በ1984 ዓ.ም. ያወጣችው ቀመር ሌላ ጥያቄ ይመልሳል፤ ያልታዩት በጠቅላላው ቢያንስ ስንት ናቸው? የብቸኞቹ ቍጥር በራሱ ተባዝቶ ለሁለቴዎቹ እጥፍ ይካፈላል፤ 118 በ118 ተባዝቶ ለ148 ሲካፈል 94 ይሆናል። ኮርቤት ያላያቸው የማላያ ቢራቢሮዎች ከ94 አያንሱም ማለት ነው።

ይህ ሒሳብ ከቢራቢሮ ዓለም ወጥቶ ወደ ቃላት ዓለምም ገብቷል። ኤፍሮንና ቲስቴድ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1976 ዓ.ም. የሼክስፒርን ድርሰቶች በሙሉ እንደ አንድ ጫካ ቈጥረው መረመሩ፤ በ884,647 ቃላት ውስጥ 31,534 ልዩ ልዩ ቃላት ሲገኙ 14,376ቱ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፉ ነበሩ፤ ከዚህም ተነሥተው ባለቅኔው እያወቀ ሳይጽፋቸው የቀሩ ቃላት ቢያንስ 35,000 እንደሚሆኑ ገመቱ። በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚገኝ ቃል ትርጓሜ ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉ መምህራን ባሉበት አገር፣ ይህ ነገር ከሌላው አገር ይልቅ የሚገባ ይመስለኛል።

ኮርቤት በሞተበት በ1948 ዓ.ም. የፊሸርን ተርታ የሚቃወም ድምፅ ከአሜሪካ ተሰማ። ፍራንክ ፕሬስተን በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በፔንሲልቬንያ በበትለር ከተማ የተቀመጠ የመስተዋት ሥራ መሐንዲስ ነበረ፤ የዕለት ሥራው መስተዋት ለምን እንደሚሰበር መመርመር ሲሆን፣ ልቡ ግን ከአዕዋፍ ጋር ነበር። ፕሬስተን ዝርያዎችን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በመደርደር ፈንታ፣ በዜማ ድምፅ እርከን በእርከን እጥፍ እየሆነ እንደሚወጣ፣ ከአንድ እስከ ሁለት፣ ከሁለት እስከ አራት፣ ከአራት እስከ ስምንት፣ ከስምንት እስከ ዐሥራ ስድስት እያለ በእጥፍ ደረጃ መደባቸው። ሲመደቡም መልካቸው እንደ ደወል ሆነ፤ መካከለኛ ብዛት ያላቸው ዝርያዎች ይበዛሉ፤ እጅግ የበዙትም እጅግ ያነሱትም ዝርያዎች ጥቂቶች ናቸው። ታዲያ ብቸኞቹ የሚበዙ መስለው የታዩት ለምንድር ነው? ፕሬስተን ሲመልስ፣ የደወሉ ግራ ክንፍ ከመጋረጃ በስተ ጀርባ ስለ ተሰወረ ነው አለ። የያዝነው ናሙና ትንሽ ሲሆን መጋረጃው ወደ ቀኝ ገፍቶ ይቆማል፤ እጅግ ብርቆቹ ከበስተ ጀርባው ይቀራሉ፤ ናሙናው በእጥፍ ባደገ ቍጥር መጋረጃው አንድ እርከን ወደ ግራ ይሳባል፤ ከዚያም በስተ ኋላ የነበሩት አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ።

ይህን ሳነብ የቤተ መቅደሱ መንጦላዕት ትዝ ይለኛል፤ በስተ ውጭ የቆመው ምእመን ያላየውን የለም አይልም። በፊሸርና በፕሬስተን መካከል ያለው ክርክር ብዙ ዓመት ሄዷል፤ ዛሬም አንዳንዱ ስብስብ ለአንደኛው፣ አንዳንዱ ለሁለተኛው ይመሰክራል። የፊሸር ቀመር ለአጭር መዝገብና ለትንሽ ስብስብ ከሁሉ የሚመች መሣሪያ ነው፤ ግን እኔን የሚያስረዳኝ የፕሬስተን መጋረጃ ነው፤ ምክንያቱም «ብርቅ ነው» ስንል ስለ ፍጥረቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ትዕግሥታችን ርዝመትም እንደምንናገር ያስገነዝባልና።

እስከዚህ ድረስ ብርቅ ማለት በአንድ ስፍራ ቍጥሩ ያነሰ ማለት ነበር። ዴቦራ ራቢኖዊትዝ የተባለች አሜሪካዊት የዕፀዋት ተመራማሪ ግን በ1981 ዓ.ም. ቃሉን ራሱን ለሦስት ከፈለችው። አንድ ዝርያ የሚኖርበት አገር ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ? የሚስማማው ስፍራ ብዙ ዓይነት ነው ወይስ አንድ ዓይነት? በሚኖርበትስ ስፍራ ቍጥሩ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ሦስቱ ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው ሁለት መልስ ስላላቸው ስምንት ክፍል ይሆናል፤ ከስምንቱ አንዱ፣ በሁሉም በኩል የተትረፈረፈው፣ ተራ ነው፤ ሰባቱ ግን ሰባት ዓይነት ብርቅነት ናቸው። ይህች ሴት በ1987 ዓ.ም. ገና በአርባ ዓመት ዕድሜዋ ዐረፈች፤ ክፍፍሏ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በየዩኒቨርሲቲው ይማሩበታል።

በአማርኛችን ይህ ክፍፍል በጣም ያስፈልገናል። «ብርቅዬ» የሚለውን ቃል በትምህርት ቤትና በጐብኚዎች መምሪያ ውስጥ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ለማለት ስለ ለመድነው፣ የአገሩን ጥበትና የቍጥሩን ማነስ አንድ አድርገን እናያለን። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር አይገኝም፤ ነገር ግን በስሜን ተራራ በመቶ የሚቈጠር መንጋ ሆኖ ሣር ሲግጥ ያየ ሰው በቍጥር ያንሳል አይልም። ጅባራም እንዲሁ አገሩ ጠባብ፣ በአገሩ ላይ ግን ሰልፍ የሠራ ነው። ነብር ደግሞ በግልባጩ ከአፍሪካ እስከ እስያ ተሰራጭቶ፣ በየደረሰበት ግን አንድ አንድ ሆኖ ይኖራል፤ በእኛ አነጋገር «ብርቅዬ» አይባልም፤ በራቢኖዊትዝ ሚዛን ግን ብርቅ ነው። ቀይ ቀበሮ አገሩ ጠባብ፣ የሚስማማው ስፍራ የውርጭ አምባ ብቻ፣ ለአካለ መጠን የደረሰውም በመላው ዓለም ከ500 የማይበልጥ ስለ ሆነ፣ ቃላችን ለእርሱ በሙሉ ትርጕሙ ይስማማዋል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ1994 ዓ.ም. ባጸደቀው ደንብ፣ በቍጥር ማነስ ብቻ ለሚመደቡት ለአካለ መጠን የደረሱት ከ50 በታች፣ ከ250 በታችና ከ1,000 በታች ሲሆኑ የአደጋውን ደረጃ የሚለይ ወሰን ሠርቷል፤ ሕግ ለማውጣት እንዲህ ያለ ወሰን የግድ ነው፤ ከወሰኑ በስተ ጀርባ ግን ሦስቱ ጥያቄዎች ሳይጠየቁ መቅረት የለባቸውም።

ከዚያ ወዲህ ቈጠራው በስፋት አድጓል። በፓናማ ቦይ መካከል በምትገኘው በባሮ ኮሎራዶ ደሴት ላይ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ 50 ሄክታር ጫካ ተለክቶ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሳንቲሜትር ያላነሰ ግንድ ሁሉ፣ ከ200,000 በላይ የሚሆነው፣ አንድ በአንድ ቍጥር ተሰጥቶት ተጻፈ፤ 300 ያህል ዝርያ ተገኘበት፤ ከእነርሱም በ50 ሄክታር ውስጥ ጥቂት ግንድ ብቻ ያላቸው ብዙዎች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሃንስ ተር ስቴገና ባልደረቦቹ ከ1,000 በላይ የተቈጠሩ ስፍራዎችን አስተባብረው በአማዞን 390 ቢሊዮን ያህል ዛፍና 16,000 ያህል የዛፍ ዝርያ እንዳለ ገመቱ፤ ከዛፉ ሁሉ እኩሌታውን የያዙት 227 ዝርያዎች ብቻ ናቸው፤ ስድስት ሺህ ያህሉ ዝርያዎች ግን በዚያ በሰፊው ጫካ ሁሉ ተበትነው እያንዳንዳቸው ከ1,000 ዛፍ አይበልጡም። ለዚህም ግምት መነሻ የሆነው በሮታምስቴድ የተወለደው የፊሸር ተርታ ነው።

ሮታምስቴድም መብራቱን አልተወም፤ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በብሪታንያ ልዩ ልዩ ስፍራ ተመሳሳይ መብራቶች ተተክለው በአንድነት ሲቈጥሩ ቈይተዋል። ከዚያ በተገኘው መዝገብ መሠረት የታላላቆቹ የእሳት እራቶች ብዛት ከ1968 እስከ 2017 ዓ.ም. በሲሶ ያህል ቀንሷል። ይህን ማወቅ የተቻለው ማንም ሰው ምንም ጥቅም በማይጠብቅበት ጊዜ ጧት ጧት ተነሥተው ተራውንም ብርቁንም እኩል የጻፉ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

በአገራችን ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቹ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው 168 የእንጨትነት ባሕርይ ያላቸው የዕፀዋት ዝርያዎችን መዝግበዋል። ዙሪያው ሁሉ እርሻና ግጦሽ በሆነበት አገር፣ በደብሩ ቅጥር ውስጥ አንድ ግንድ ብቻ ሆኖ የቀረ ዛፍ መኖሩን የአጥቢያው ካህን፣ የደኑ ጠባቂና የሰፈሩ ሽማግሌ ያውቁታል፤ ስሙን ያውቃሉ፣ የቆመበትን ያውቃሉ፣ ፍሬ ያፈራበትን ዓመት ያስታውሳሉ። እንግዲህ ከዩኒቨርሲቲ መዝገብ ይዛችሁ ወደነዚህ ደኖች የምትሄዱ ወጣቶች፣ የዚያን የብቸኛውን ዛፍ ስም ከሽማግሌው አፍ ተቀብላችሁ፣ የደብሩን ስም፣ ቀኑንና ቍጥሩን «1» ብላችሁ ጻፉት፤ አንድ ብቻ ነው ብላችሁ አትሰርዙት።